አራስ ቤት ገብታችሁ ከየት ትጀምራላችሁ? የሦስተኛው ቀን የቤት ጉብኝት አሠራር

አዲስ የተመደቡ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና አዋላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን ይህንን ነው፦ «አራስ ቤት ገባሁ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኩ፤ ከዚያስ?» ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል፣ ገንፎው ቀርቧል፣ ሕፃኑ ተኝቷል፣ አያትየው «ደህና ነው፣ አትቀስቅሱት» ይላሉ። ከእንዲህ ያለ ቤት ምንም ሳይለኩ፣ በልቶና መርቆ መውጣት ቀላል ነው። ጉብኝቱ ግን ጥየቃ ሳይሆን ምርመራ ነው። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ጠብቁ፤ የተሳሳተ ቅደም ተከተል ልኬቱን ራሱ ያበላሻል።

መቼ ትሄዳላችሁ?

ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው መቆየት አለባት። ቤት ከወለደች ወይም ቀድማ ከወጣች በ24 ሰዓት ውስጥ እናንተ ድረሱ። ከዚያ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን እና በ6ኛው ሳምንት። ይህ መመሪያ የሦስተኛውን ቀን ይዞ የተጻፈ ነው፤ ምክንያቱም ወተት የሚሞላው፣ የሕፃኑ ቢጫነት ጎልቶ የሚወጣው፣ የእናትየው የደም ግፊት ከፍ ወደሚልበት ጊዜ የሚገባው (ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን) እና ኢንፌክሽን መታየት የሚጀምረው በዚሁ ሰሞን ነው። ከጤና ተቋም ስትወጣ ደህና የነበረች እናት ቤቷ ገብታ የምትታመመውም ያኔ ነው።

በቦርሳ የሚያዙ ነገሮች

- ሳሙና፣ ንጹህ ትንሽ ፎጣ፣ ጓንት
- ዲጂታል ቴርሞሜትር፤ ከመውጣታችሁ በፊት አብሩትና ባትሪውን እዩ
- የትንፋሽ መቁጠሪያ ወይም ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት
- የሕፃን ሚዛንና መያዣው
- የደም ግፊት መለኪያ ከማዳመጫው ጋር
- የክንድ መለኪያ ሜትር
- ለእትብት የሚቀባ 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ጄል
- ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት፤ በወለደችበት ዕለት ለምትደርሱበት ቤት
- አይረን ፎሊክ አሲድ
- የቤተሰብ ፎልደር (የቤተሰቡ የጤና መዝገብ)፣ የክትባት ካርድ፣ የሪፈር ወረቀት፣ እስክሪብቶ
- ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ የአምቡላንሱ ሹፌርና የጤና ጣቢያው ቁጥር ተመዝግቦበት

ማስጠንቀቂያ፦ ክሎርሄክሲዲኑንና የዓይን ቅባቱን በአንድ ኪስ አትያዙ። ሁለቱም ቱቦ ናቸው፤ ጨለም ባለ ቤት ውስጥ ይምታታሉ። ክሎርሄክሲዲን ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያቆስላል፣ እስከ መታወር ያደርሳል። ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ አጥባችሁ ሪፈር አድርጉ። ለቤተሰቡ የምትተዉት ከሆነም «ለእትብት ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በእጃችሁ እያሳያችሁ ንገሩ።

ደረጃ 1፦ ሳትወጡ ፎልደሩን አንብቡ

የወለደችበት ቀንና ሰዓት፣ የት እንደወለደች፣ የሕፃኑ የልደት ክብደት፣ በእርግዝና ጊዜ የነበረው ግፊት፣ ደም ፈሷት እንደነበር፣ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) እና የመጀመሪያው ፖሊዮ መሰጠታቸው። የልደት ክብደት ሳታውቁ የዛሬው ክብደት ብዙ አይነግራችሁም። ኤችአይቪን የሚመለከት መረጃ ካለ እዚያው አንብባችሁ ጨርሱ፤ አማትና ጎረቤት በተቀመጡበት ቤት ፎልደር አይገለጥም።

ደረጃ 2፦ ሰላምታ፣ ፈቃድ፣ እጅ መታጠብ

በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ በሙስሊም ቤት «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ»፤ ቤቱን ካላወቃችሁት «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» የትም ያስኬዳል። ከዚያ አያትየውን ወይም አማትየውን ውሃ እንዲያስፈስሱላችሁ ጠይቁ። በሳሙና፣ በጣት መሃል፣ ጥፍር ሥር፣ እስከ ክርን። እሳቸው እያዩ መታጠባችሁ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ እጃችሁ ይጸዳል፣ ሕፃኑን የሚነካ ሰው ሁሉ መታጠብ እንዳለበትም ያለ ንግግር ይገባቸዋል።

ገንፎውንና ቡናውን «ሥራዬን ልጨርስና» ብላችሁ አቆዩት። አንዴ ማዕድ ላይ ከተቀመጣችሁ ሌላ ጠያቂ ይመጣል፣ እናትየዋን ለብቻ ማግኘት ይቀራል።

ደረጃ 3፦ አስቸኳይ ነገር መኖሩን በአንድ ደቂቃ ለዩ

ለእናትየዋ፦ ደም በብዛት ይፈስሻል? ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ አለሽ? ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ብሎሽ ነበር? ትንፋሽ ያጥርሻል፣ ደረትሽን ያምሻል? አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ያምሻል? ራስሽን ስተሽ ወይም አንቀጥቅጦሽ ነበር?

ስለ ሕፃኑ፦ መጥባት ተወ? አንቀጠቀጠው? ካልተነካ አይንቀሳቀስም?

ከእነዚህ አንዱ ካለ የቀረውን ደረጃ ተዉትና ወደ ደረጃ 9 ሂዱ። ምክር ለመስጠት መቆየት አምቡላንስ ማዘግየት ነው።

ደረጃ 4፦ ሕፃኑን እንደተኛ ጀምሩ

ብዙዎች እናትየዋን ያስቀድማሉ። ሕፃኑ ከተኛ ግን መጀመሪያ እሱ ነው፤ ካለቀሰ በኋላ የምትቆጥሩት ትንፋሽ አይታመንም።

ሀ. ትንፋሽ። ልብሱን በቀስታ ገልጣችሁ ሆዱን እያያችሁ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለጨቅላ አይሠራም፤ ጨቅላ አንዴ ፈጠን ብሎ፣ አንዴ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ ነው የሚተነፍሰው። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ድገሙት። ሁለተኛውም 60 ከሞላ የአደጋ ምልክት ነው። እግረ መንገዳችሁን የደረቱን የታችኛውን ክፍል እዩ፤ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ክፉኛ የሚሰረጉድ ከሆነ ቁጥሩ ምንም ይሁን ሪፈር ነው።

ለ. ሙቀት። ቴርሞሜትሩ ብብቱ መሃል፣ ክንዱ ተጠግቶ። 37.5 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች የአደጋ ምልክት ነው። «ተከናንቦ ስለሆነ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ከ35.5 እስከ 36.4 ከሆነ ልብሱን አውልቃችሁ፣ ኮፍያና ዳይፐር ወይም ጨርቅ ብቻ አስቀርታችሁ፣ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ አድርጋችሁ ላያቸውን ሸፍኑ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ለኩ። ካልሞቀ ሪፈር።

ሐ. ቢጫነት። የአራስ ቤት ጨለማ ነው፤ በኩራዝ ወይም በቢጫ አምፖል ቢጫነት አይታይም። ሕፃኑን ወደ በሩ ብርሃን አምጡት፣ ግንባሩን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁና ከሥሩ የሚታየውን ቀለም እዩ። ከዚያ መዳፉንና የእግሩን ውስጥ። መዳፍና ውስጥ እግር ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቢጫው የታየው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ሪፈር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ለዚህ ሕክምና አይሆንም፤ ቤተሰቡ «ፀሐይ እናሙቀው» ብሎ ሁለት ቀን ቢያቆየው ቢጫው አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል።

መ. እትብት። ደረቅና ጠቆር ያለ መሆን አለበት። ዙሪያው ያለው ቆዳ ቀልቶ ወይም መግል ይዞ፣ ሽታ አምጥቶ ከሆነ ኢንፌክሽን ነው። ቅቤ፣ የከብት እበት ወይም አመድ ተደርጎበት ካገኛችሁ አትቆጡ፤ በንጹህ ውሃና ሳሙና አጽዱና አድርቁት። ክሎርሄክሲዲኑ ጫፉን፣ ግንዱንና ሥሩን እንዲሸፍን ይቀባል፤ በቀን 1 ጊዜ ለ7 ቀን። ዳይፐሩ ወይም ጨርቁ ከእትብቱ በታች ይታጠፍ፣ ሽንት እንዳይነካው።

ሠ. ክብደት። ሚዛኑን መያዣውን እንደሰቀላችሁ ዜሮ ላይ አስተካክሉ፤ ካልሆነ የጨርቁን ክብደት ለሕፃኑ ትሰጡታላችሁ። የ25 ኪሎው ተንጠልጣይ ሚዛን በ100 ግራም ስለሚቆጥር ትንሽ ለውጥ አይታይበትም፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ የተሻለ ካለ ተዋሱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 10 በመቶ መቀነስ ያለ ነው፦ 3,000 ግራም የተወለደ እስከ 2,700። ከዚያ በታች ከወረደ ጡቱ በደንብ እየደረሰው አይደለም። በ2ኛው ሳምንት መጨረሻ የልደት ክብደቱን መመለስ አለበት። ከ2,000 ግራም በታች ሆኖ ቤት የተገኘ ሕፃን የካንጋሮ እንክብካቤ (ሕፃኑን ገላ ለገላ አቅፎ ማቆየት) ወደሚሰጥበት ተቋም ይላካል።

ደረጃ 5፦ ሲጠባ ቁጭ ብላችሁ እዩ

«ይጠባል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ስለዚህ አትጠይቁ፤ አሁን ታጥባው፣ እናንተ ቢያንስ 4 ደቂቃ እዩ። በትክክል የያዘ ሕፃን አራት ምልክት አለው፦ አፉ በሰፊው ተከፍቷል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ አገጩ ጡቱን ነክቷል፣ ከጡት ጫፉ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክፍል ከአፉ በላይ በኩል ይበልጥ ይታያል። ጠለቅ ያለ፣ ዘገም ያለ፣ አልፎ አልፎ ቆም የሚል አጠባብና የመዋጥ ድምፅ ከሰማችሁ ወተት እየሄደ ነው። ጉንጩ ወደ ውስጥ ከገባና የመምጠጥ ድምፅ ብቻ ከሆነ ጫፉን ብቻ ነው የያዘው።

ለማስተካከል፦ እናትየዋ ትንሿን ጣቷን በአፉ ዳር አስገብታ ታላቀው፤ ጎትታ ካላቀቀችው ጫፉ ይቆስላል። ሆዱ ከሆዷ ጋር ይገናኝ፣ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ። ጫፉን የላይኛውን ከንፈሩን ታስነካው፣ አፉን በሰፊው ሲከፍት ሕፃኑን ወደ ጡቱ ታምጣው፤ ጡቱን ወደ ሕፃኑ እያጎነበሰች ካመጣች ወገቧም ይታመማል፣ አያያዙም አይስተካከልም።

በ3ኛው ቀን ጡቱ ድንጋይ ሆኖ ካበጠ ሕፃኑ ጫፉን መያዝ ያቅተዋል። ከማጥባቷ በፊት በእጇ ጥቂት አልባ ጥቁሩን ክፍል ታለስልሰው። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊትንም ጨምሮ። ማረጋገጫው ሽንት ነው፤ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ። ጥቁሩ ዓይነ ምድርም በ4ኛውና በ5ኛው ቀን ወደ ቢጫ መለወጥ አለበት።

ደረጃ 6፦ እናትየዋ

ሕፃኑን አያትየው ይያዙት። እያጠባች ወይም እያወራች የተለካ ግፊት አይመዘገብም፤ 5 ደቂቃ ተቀምጣ፣ ጀርባዋ ተደግፎ፣ ክንዷ በልቧ ትክክል። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና ለኩ፤ ካልወረደ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። 160/110፣ ወይም ከፍ ያለ ግፊት ከራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከላይኛው ሆድ ሕመም ጋር፣ ድንገተኛ ነው። በእርግዝና ጊዜ ግፊት ያልነበራትም ከወሊድ በኋላ ሊይዛት ይችላል። «ወልዳ ተገላግላለች» ብሎ ግፊት መለካት መተው የምናየው ትልቁ ስህተት ነው።

ሙቀቷ 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የማህፀን፣ የጡት ወይም የስፌት ኢንፌክሽን ፈልጉ፤ ማንኛውም ቢሆን ሪፈር ነው።

ማህፀን ከመንካታችሁ በፊት ሽንቷን ትሽና፤ የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ወደ ላይ ገፍቶ ያሳስታችኋል። እንደወለደች የማህፀኑ አናት እምብርት አካባቢ ነው፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ ጣት ያህል ይወርዳል፤ በ3ኛው ቀን ከእምብርት ሁለት ሦስት ጣት በታች፣ ጠንካራ ሆኖ መገኘት አለበት። ለስላሳ ከሆነ ወይም ሲነካ ክፉኛ የሚያማት ከሆነ ልብ በሉ።

ደሙን በወሬ አትመዝግቡ። «ጨርቁን አሳዪኝ» በሏት። በ3ኛው ቀን ቀይ መሆኑ ያለ ነው፣ ከዚያ ወደ ሮዝና ቡናማ፣ ከ10 ቀን በኋላ ወደ ነጣ ያለ ይለወጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ከሞላ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ ወይም ከሸተተ ልክ አይደለም። በዕጣንና በቡና ጭስ የታጠነ ቤት ሽታ ይሸፍናልና ጨርቁን ቀረብ አድርጋችሁ እዩ። ስፌት ካላት በጓንት እዩላት።

ክንዷን ለኩ፤ ከ23 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት ተብሎ ይመዘገባል። አይረን ፎሊክ አሲዷን ለ3 ወር ትቀጥል፣ ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አትውሰደው፤ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋሉ።

ደረጃ 7፦ ለብቻዋ

ሌላውን ሰው «ስፌቷን ልይላት» ብላችሁ አስወጡ፤ ማንም አይከፋም። ከዚያ ጠይቁ፦ እንቅልፍ እሺ ይልሻል፣ ሕፃኑ ተኝቶም? ሆድ ይብስሻል? ድሮ ደስ የሚልሽ ነገር አሁን ያስጠላሻል? ራስሽን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? የሚመታሽ ሰው አለ?

በመጀመሪያው ሳምንት ማልቀስና ሆድ መባስ የተለመደ ነው፣ እረፍትና አጋዥ ይበቃዋል። ከ2 ሳምንት ካለፈ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ይፈልጋል። የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ የምትደናበር፣ ለቀናት ያልተኛች ከሆነ ወይም ራሷን ወይም ሕፃኑን ስለመጉዳት ካሰበች ያው ቀን ሪፈር ናት፤ ብቻዋንም ከሕፃኑ ጋርም አትተዉአት። ቤተሰቡ ጸበል ሊያስቀድም ይችላል። አትከራከሩ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲሄዱ ተስማሙ።

ደረጃ 8፦ ምክሩን ለሚወስነው ሰው ስጡ

የአራስ ቤት አዛዥ ብዙ ጊዜ እናትየዋ አይደለችም። አያትየውን «እማማ፣ ይህን የምታስከብሩልኝ እርስዎ ነዎት» ብላችሁ አስቀምጡ። ሁሉን በአንድ ቀን አትዘርግፉ፤ በዚያ ቤት የጎደለውን ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ምረጡ። ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት፦

- እንገሩ ይጠባል፣ አይታለብም አይደፋም። በሽታ የሚከላከል ነው።
- ለሕፃኑ ቅቤ፣ የስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም አይሰጥም። እስከ 6 ወር ውሃም ጭምር። ቅቤው ትንታ ሆኖ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ሆዱ በውሃ ከሞላ ደግሞ ጡት ይቀንሳል፣ የእናትየው ወተትም ያንሳል። አያትየው ቅቤውን ካልተዉ ለእናትየው ገንፎ ላይ ይጨምሩት።
- እንጥል ማስቆረጥና ድድ ማስነቀስ ደም ያፈሳል፣ ቴታነስና ሌላ ኢንፌክሽን ያመጣል።
- ከተወለደ 24 ሰዓት ሳይሞላ ገላው አይታጠብም።
- ምድጃው ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ፤ ጭሱ ሳንባውን ይጎዳዋል። ሙቀት ከገላዋ ይበቃዋል።
- የምታጠባ እናት በቀን 2 ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ገንፎና አጥሚት ጥሩ ናቸው፣ እንቁላል፣ ጎመንና ሽሮ ሲጨመርበት።

ለአባትየው የተለየ ሥራ ስጡት፦ የአምቡላንሱን ስልክ ይመዝግብ፣ ውሃና እንጨት እሷ እንዳትሸከም ያድርግ።

ደረጃ 9፦ ሪፈር

መጀመሪያ ስልክ፣ ከዚያ ወረቀት። አምቡላንሱ እስኪደርስ ሕፃኑን ገላ ለገላ አድርጉት፤ በመንገድ የሚቀዘቅዝ ጨቅላ ሲደርስ ይበልጥ ታሞ ነው። መጥባት ከቻለ ይጥባ፤ ካልቻለ ወተቷን አልባ በንጹህ ኩባያ ትስጠው፣ የሚያንቀጠቅጠውና ራሱን የሳተው ግን በአፉ ምንም አይሰጠው። እናትየዋ ደም ከፈሰሳት ሽንቷን ትሽና፣ ማህፀኑን እስኪጠነክር እሹ፣ ሕፃኑን ጡት አስይዙ፣ አስተኝታችሁ እግሯን ከፍ አድርጉ፣ ሸፍኗት። በሠለጠናችሁበት ልክ የቅድመ ሪፈር መድኃኒት ስጡ። ወረቀቱ ላይ «ታማለች» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ ሰዓቱን፣ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ የትንፋሽ ቁጥሩን፣ የሰጣችሁትን መድኃኒትና መጠኑን ጻፉ። ማታ ደውላችሁ መድረሷን አረጋግጡ፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን የሚቀይር ቤተሰብ አለ።

ደረጃ 10፦ መዝግቡና ቀን ቁረጡ

ልኬቱን እዚያው ፎልደሩ ላይ አስፍሩ፤ ማታ ከትዝታ የተጻፈ ቁጥር ቁጥር አይደለም። «ሰሞኑን እመጣለሁ» አትበሉ፤ ቀኑን ከነስሙ ንገሯቸው፦ «የፊታችን ሐሙስ ጠዋት።»

በ7ኛው ቀን ይህንኑ ደግማችሁ እትብቱ መውደቁን፣ ክብደቱ መጨመር መጀመሩንና ስሜቷን እዩ።

6ኛው ሳምንት ላይ አንድ የሚያደናቅፍ ነገር አለ። የ45 ቀን ክትባት ከክርስትናው ቀን ጋር ይጋጫል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ «ክርስትና ሳትነሳ ከቤት አትወጣም» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ፤ የሴቶቹ ፔንታ፣ ፒሲቪ፣ ሮታና ፖሊዮ ክትባት በዚህ ምክንያት ከወር በላይ ይዘገያል። ይህን በ45ኛው ቀን አትጀምሩት፤ በ3ኛው ቀን ጠይቃችሁ ተስማሙ። እናትየዋ ካልወጣች አያትየው ወይም አባትየው ይዘዋት ይምጡ፣ ወይም ለክትባት ወደ ጤና ኬላ በምትወጡበት ቀን ቤታቸው ቅርብ ከሆነ እዚያ ቀጥሯቸው።

በዚሁ ጉብኝት የቤተሰብ ዕቅድ ይነሳል። ጡት ማጥባት ብቻውን ከእርግዝና የሚከላከለው ሦስቱም ሲሟሉ ነው፦ ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ሌሊትም ቀንም ጡት ብቻ ከጠባ፣ የወር አበባዋም ካልተመለሰ። አንዱ ከጎደለ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል። ለምታጠባ እናት በክንድ የሚቀበረውና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ይስማማሉ፤ ሁለት ሆርሞን የያዘው ኪኒን ግን ወተት ሊቀንስ ስለሚችል እስከ 6 ወር ይቆይ። ባለቤቷ ባለበት አንድ ጊዜ፣ ለብቻዋ አንድ ጊዜ ጠይቋት፤ ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ የምትመዘግቡት ለብቻዋ የነገረቻችሁን ነው።